የገሳይ በርበሬ በለንደን ጉምሩክ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ጋፋት ይገኛል። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው፤ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ጋፋትን ለማየት የሚሄድ ሰው ስለ መድፉ ብዙ ይነገረዋል። ስለ ፖስታው የሚያነሣለት ግን እምብዛም የለም፤ የንጉሡንና የእንግሊዝን ነገር መጀመሪያ ያበላሸው ግን ፖስታው ነበር።

ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት በጥቅምት 1862 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ያልተባለ ወርና ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) ደብዳቤውን የተረከበው የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ራሱ ይዞት አልሄደም፤ በሌላ እጅ ላከው። በየካቲት 1863 ለንደን፣ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ደርሶም ተቀመጠ። መልስ የሚጽፍ ጠፋ። ጥር 1864 ላይ ንጉሡ ካሜሮንን ሲያስሩት ለንደን ድንገት ብዕር አገኘች፤ የንግሥቲቱ መልስ በግንቦት ተጻፈ። መልሱን ይዞ የመጣው ሆርሙዝ ራሳም ደግሞ ከሐምሌ 1864 ጀምሮ ምጽዋ ላይ የንጉሡን ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። መልሱ ቴዎድሮስ እጅ የገባው ጥር 1866 ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር መሆኑ ነው።

ከደብዳቤው ቀጥሎ ዕቃው መጣ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ንጉሡ ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ባለሙያና መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን ቀጠረ፣ መሣሪያውን ገዛ፣ እስከ ምጽዋም አደረሰ። ከምጽዋ ግን አላለፈም። «ካሜሮንና ሌሎቹ እስረኞች ሲለቀቁ» ተባለ፤ እስረኞቹ አልተለቀቁም፤ ሰዎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

ለመቅደላ ምክንያቱ ፖስታ ብቻ ነበር ብዬ አላቃልለውም። ግን ዛሬ አንድ ካርቶን ከደቡብ ጎንደር ወደ እንግሊዝ፣ ወይም ከእንግሊዝ ወደ ደብረ ታቦር ሲጓዝ የሚገጥመው ነገር በአሠራሩ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ድንበር የሚያልፈው ወረቀቱ ነው፤ ዕቃው ይከተለዋል። ወረቀቱ ከቆመ ካርቶኑ ይቆማል፤ የሚቆመውም ላኪው በማያውቀው ሕግ፣ በማያየው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ያለች፣ የጉና ብርድ የማይለቃት የደጋ ከተማ ናት። አገሩ የገብስና የድንች አገር ነው። በርበሬው ከቆላ መጥቶ በገበያ ይገዛል፤ የሚቀነጠሰው፣ የሚታጠበው፣ የሚደለዘውና በቅመም ተሰንጎ የሚፈጨው ግን እቤት ነው። እንበል፣ አንዲት የገሳይ እናት ልጇ እንግሊዝ አገር ሊድስ ትኖራለች። እናት በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገብስ በሶና ድርቆሽ አዘጋጅታ በካርቶን አሽጋ ደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ትወርዳለች።

«እማማ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ስንቅ ነው ልጄ።»

«ምን ምን ብለን እንጻፈው?»

«በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ። ድርቆሽም አለበት። ቅቤ ትንሽ ጣል አርጌበታለሁ፤ እሱን ተወው፣ አትጻፈው።»

በዚህች ንግግር ውስጥ ችግሩ ሁሉ አለ። ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል ላይ የሚለጠፈው የጉምሩክ መግለጫ፣ ለትንሹ ሲኤን 22፣ ለትልቁ ሲኤን 23 የሚባለው ቅጽ፣ በዓለም ፖስታ ኅብረት የተደነገገ ነው። ኢትዮጵያ የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ክብደቱን፣ ዋጋውን፣ የተመረተበትን አገር፣ ስጦታ ይሁን ሽያጭ። «ምግብ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ይህ መግለጫ ካርቶኑ አውሮፕላን ሳይሳፈር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ተቀባዩ አገር ቀድሞ እንዲደርስ ኅብረቱ ያስገድዳል። ማሽን የሚያነበው ስለሆነ ከቃሉ ይልቅ ቁጥሩ ይመረጣል። ዓለም የተስማማበት የዕቃ መለያ አለ፤ ደርቆ የተፈጨ በርበሬ 0904.22 ነው። ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ፣ ሌላም ቅመም ከተቀላቀለበት ወደ ቅመም ድብልቅ ይሸጋገርና 0910.91 ሊሆን ይችላል። ምንም ያልገባበት የአተር ዱቄት 1106.10 ነው። ሽሮ ግን ቅመም ያልገባበት የት ይገኛል? ይህን የገሳይ እናት ትወቀው የሚል የለም፤ የሚያውቅላት ሰው ግን መኖር ነበረበት።

ሁለተኛው ጣጣ ድርቆሹ ነው። ድርቆሽ እንደ ላባ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል። የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ከሚዛኑና ከስፋቱ በሚበልጠው ነው። ስፋቱን የሚያሰሉት ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 በማካፈል ነው። በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 64,000 ይመጣል፤ ለ5,000 ሲካፈል 12.8 ኪሎ። ካርቶኑ ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈለው የ12.8 ኪሎ ነው። ድርቆሹን ፈርፍሮ በጠባብ ካርቶን መጠቅጠቅ ብዙ ብር ያድናል። በርበሬና ሽሮ በአንጻሩ ለላኪ የተመቹ ናቸው፤ ከባድና ጠባብ።

ለዚህ ሁሉ ሕዝቡ ከጥንት ያበጀው መላ በሰው መላክ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ተሰማ ማለት ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጓደኛ ሁሉ «አንዲት ኪሎ ናት» እያለ ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ በተራ ማዕረግ ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል፤ ከዚያ ውስጥ የራሱ ልብስ ስንቱን እንደሚይዝ ቦሌ ሻንጣ ከፍተው ሲያራግፉ የታዩት ይናገራሉ። ቅጽ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ቀረጥ የለም። ፈጣንና ርካሽ ነው። ግን አደራው ሁሉ የሚያርፈው ተሸካሚው ላይ ነው። ሻንጣው የማን ነው ሲባል «የእኔ ነው» ያለ ሰው በውስጡ ላለው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ነው። ጫት በብሪታንያ እስከ 2014 ድረስ በሕግ ይገባ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሰኔ ታገደ። የድሮውን የሚያስታውስ አንድ አጎት ዛሬ «ለእገሌ ስጥልኝ» ብሎ ጠቅልሎ ቢሰጥ፣ ሂትሮው ላይ የሚጠየቀው አጎት አይደለም።

ወደ ቅቤው እንመለስ። ብሪታንያም የአውሮፓ ኅብረትም ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ውጤት በግል ይዞ መግባትንም በፖስታ መላክንም ይከለክላሉ። ለጋው ቅቤም፣ ተነጥሮ ኮረሪማ የገባበትም አንድ ነው፤ ወተት ነው። ምክንያቱ ከብት ነው እንጂ የእኛን ቅቤ መናቅ አይደለም። በ2001 በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲታረዱ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ቀልድ የለም። በሽታው እኛ አገር የተለመደ ስለሆነ የእኛ ወተትና ሥጋ በሩ ላይ ይቀራል። ካርቶን ውስጥ ቅቤ ሲገኝ ደግሞ ጦሱ ለበርበሬውም ይተርፋል፤ ያልተጻፈ ነገር የተገኘበት ጥቅል በሙሉ ይጠረጠራል። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬና ሽሮም ለቤት የሚሆን ያህል ያልፋሉ። ለንግድ ሲሆን ሌላ ነው፤ የኢትዮጵያ በርበሬ አውሮፓ ሲገባ ለአፍላቶክሲን፣ ማለትም በእርጥበት ከሚመጣው ሻጋታ ለሚወጣው መርዝ፣ ተደጋግሞ ይመረመራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሐበሻ አዲስ አይደለም። ለእንግሊዝ ሰው ግን አዲስ ሆኖበት ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው ጥር 31 ቀን 2020 ነው፤ የመሸጋገሪያው ጊዜ በዚያው ዓመት መጨረሻ አብቅቶ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በመካከላቸው የጉምሩክ ድንበር ቆመ። ከዚያ በፊት ከለንደን በርሊን ዕቃ መላክ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር እንደመላክ ነበር፤ አድራሻ ጽፎ መስጠት ብቻ። በአንድ ሌሊት ሲኤን 22 መጣ። ዕድሜ ልካቸውን የጉምሩክ ቅጽ ሞልተው የማያውቁ ሰዎች፣ የአያታቸውን የልደት ስጦታ ዋጋ ጻፉ ተባሉ። ዋጋ ያልጻፈው ካርቶኑ ተመለሰበት፣ የጻፈው ደግሞ ተቀባዩ ክፈል ተባለበት።

የለንደን ሐበሾችም በዚህ መሐል ነበሩ። ጤፍ በኔዘርላንድ ይመረታል፤ ዱቄቱ ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝ የሚገባው ያለ ምንም ወረቀት ነበር። ከ2021 ወዲህ ከዱቄቱ ጋር ወረቀት ይሄዳል፤ ወረቀት የሚሠራ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ደመወዙ በዱቄቱ ዋጋ ላይ ይወድቃል። ከአውሮፓ ዘመድ የሚልከው ስጦታም ገደብ ተበጀለት። ወደ ብሪታንያ የሚገባ ስጦታ ከ39 ፓውንድ ካለፈ በጥቅሉ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል፤ ወደ አውሮፓ የሚገባው ገደቡ 45 ዩሮ ነው። ታክሱ ላይ ደግሞ ታክሱን ያሰላው ፖስታ ቤት የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ የብሪታንያው ሮያል ሜል ለአንድ ጥቅል 8 ፓውንድ ሲያስከፍል ቆይቷል። እህት ከስቶክሆልም በ45 ፓውንድ የገዛችውን ሹራብ ለልደት ብትልክ፣ ባለ ልደቷ ታክሱ 9፣ አገልግሎቱ 8፣ በድምሩ 17 ፓውንድ ከፍላ ነው ስጦታዋን የምትቀበለው። ሰዎቹን ያበሳጨው ከታክሱ ይልቅ ይህ 8 ፓውንድ ይመስለኛል። ታክስ የመንግሥት ነው ይባላል፤ ለራስህ ስጦታ የደላላ ሲያስከፍሉህ ግን ያማል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የነጠላው ጉዳይ ነው። ብሪታንያና ኅብረቱ በታኅሣሥ 2020 ማብቂያ የፈረሙት ስምምነት በመካከላቸው ቀረጥ አይኖርም ይላል። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ማንበቡን አቆመ። ስምምነቱ ቀረጥ የሚያነሣው በብሪታንያ ወይም በኅብረቱ አገሮች ለተመረተ ዕቃ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ነጠላ ለንደን ሱቅ ውስጥ ስለተሰቀለ እንግሊዛዊ አይሆንም። የለንደኑ ሱቅ በርሊን ላለች ደንበኛ በጅምላ ሲልክ ነጠላዎቹ ቀረጥ ይጠየቅባቸዋል። ያው ነጠላ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በርሊን ቢገባ ግን፣ ኢትዮጵያዊነቱ በሰነድ ከተረጋገጠ፣ ቀረጥ የለበትም፤ ኅብረቱ ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር የድሆች አገሮችን ዕቃ ሁሉ ከቀረጥ ነፃ ያስገባልና። ብሪታንያም በሰኔ 2023 የራሷን ተመሳሳይ ሥርዓት ጀምራለች። በሩቁ በር የገባው በነፃ አለፈ፣ በጎረቤት በር የገባው ከፈለ። ሸማኔው ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ቅቤውም ቢሆን አቻውን አግኝቷል። በአውሮፓ የአፍና የእግር በሽታ በመታየቱ ብሪታንያ ከሚያዝያ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ከኅብረቱ አገሮች የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፣ እንዲሁም የወተት ውጤት ይዞ መግባትን ለመንገደኛ ከልክላለች። ፓሪስ ደርሶ የሚመለስ የለንደን ሰው አይቡን እዚያው ትቶ ይመጣል።

አሁን ካርቶኑን እናዙረው። ልጅቷ ከሊድስ ለእናቷ የጉናን ብርድ የሚችል አዲስ ካፖርት ልትልክ ነው። ካፖርቱ 40 ፓውንድ፣ መላኪያው 30 ፓውንድ ነው እንበል። ብዙ ሰው የማያውቀው የመጀመሪያው ነገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራል። ስለዚህ መነሻው 70 ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ታክሱ በታክስ ላይ ይደራረባል። የጉምሩክ ቀረጥ ጣሪያው 35 በመቶ ነው፤ ለተዘጋጀ ልብስ የሚታሰበውም ይኸው ነው። የ70 ፓውንድ 35 በመቶ 24.50። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶው የሚሰላው በ94.50 ላይ ነው፤ 14.18 ይሆናል። ሱር ታክስ 10 በመቶው ደግሞ በሁለቱ ድምር፣ በ108.68 ላይ፤ 10.87። ሌሎች ትንንሽ ክፍያዎችን ትተን 49.55 ፓውንድ። ካፖርቱ 40 ፓውንድ ነበር። እናት ልጇ ካፖርቱን ከገዛችበት ዋጋ በላይ ከፍላ ትለብሰዋለች ማለት ነው፤ ወይም ማሳወቂያው ደርሷት «ይቅርብኝ፣ ጋቢዬ ይበቃኛል» ትላለች።

ይህም በፓውንድ ሲሰላ ነው፤ የሚከፈለው ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ካፖርቱ ያው ካፖርት ነው፤ የጉምሩክ ደረሰኙ ላይ ያለው ብር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የገጠር ጡረተኛ ወይም ገበሬ ገቢ አብሮ አልዘለለም።

አድራሻውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የእንግሊዝ የኢንተርኔት ሱቅ የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ካልጻፍክ አልሸጥም ይላል። እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚመጣው ለፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን የሌለው በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ሣጥን ያስልካል። «ገሳይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ የእገሌ ቤት» የሚለው አድራሻ ለሰው በቂ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ባዶ ሰሌዳ ነው። ስልክ ቁጥር ካልተጻፈበት አዲስ አበባ ደርሶ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ከቀጠለው ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ሲቋረጥ ስለከረመ፣ ጥቅሉ ደረሰ አልደረሰ ለማወቅ እንኳ ያስቸገረበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ካፖርቱን ትታ ገንዘቡን ትልክና እናት ደብረ ታቦር ገበያ ወርዳ ትገዛለች። ብዙዎች ዛሬ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ያለው አንባቢም አይቅርበት። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅልን ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር፤ ይህ ነሐሴ 29 ቀን 2025 ቀረ። የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ማን ቀረጡን እንደሚሰበስብ ግራ ገብቷቸው ወደዚያ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። ብሪታንያ በ2021 ያየችውን አሜሪካ ውስጥ ያለው ሸማች ከአራት ዓመት በኋላ አየው።

ልትልኩ ከሆነ እንግዲህ፣ ካርቶኑ ሳይታሸግ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉ፤ በርበሬውን በርበሬ፣ ሽሮውን ቅመም የገባበት የአተር ዱቄት በሉት፣ ኪሎውንና እውነተኛ ዋጋውን አስቀምጡ፣ ስጦታ መሆኑን ምልክት አድርጉ። ዋጋውን ዜሮ አታድርጉ፤ ዜሮ የሚያወጣ ዕቃ የለምና ይከፈታል። የላኪውንም የተቀባዩንም ስልክ ጻፉ። ለተቀባዩ የዝርዝሩን ፎቶ ቀድማችሁ ላኩለት፤ ሲጠየቅ የሚመልሰው አይጣ። የሰው ሻንጣ የምትሸከሙ ከሆነ ደግሞ ይሉኝታውን ትታችሁ ከፍታችሁ እዩ። ቅቤውን ግን አትላኩ፤ እንግሊዝ አገርም የሚናጥ ቅቤ አለ፣ ኮረሪማውን ብቻ ለልጅቷ ላኩላት፣ እሷ ታንጥረዋለች።